ሙያ በልብ ብቻ አይቅር



ባለፈው ሴሚስተር የኢንተርንሺፕ ቅጽ ስንሞላ አንድ ነገር ታዘብን። ስድስት ሆነን ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል። ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ጂፒኤ እስከሚለው ድረስ የማንም እጅ አልቆመም። «ያለዎትን የግልና የሙያ ክህሎት ይዘርዝሩ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንዳችን የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ፣ በቡድን መሥራት፣ ታታሪነት።» ሌሎቻችን እሱኑ ገለበጥን። ስድስት ሰው፣ አንድ መልስ።

ከስድስቱ አንዱ በረመዷን የኢፍጣር ኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ የነበረ ወንድም ነው። ወሩን ሙሉ ከየተማሪው የተዋጣውን ብር እየመዘገበ፣ በቴምር ዋጋ ከነጋዴ ጋር እየተከራከረ፣ በዒድ ዋዜማ ሒሳቡን ሳንቲም ሳይጎድል ለጀመዓው አቅርቧል። ሁለተኛው ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ እስቴ ተመልሶ ሕፃናትን ቃዒዳ ያስቀራል። ሦስተኛው ያደገው ወረታ ገበያ ውስጥ፣ የአባቱ የሩዝ ሚዛን ሥር ነው፤ ጆንያ አይቶ ክብደቱን ይገምታል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በቅጹ ላይ አልተጻፈም። ለምን እንደተዉት ስንጠያየቅ የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ይሄማ ሙያ ነው እንዴ?»

ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከዚያች ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን ክህሎት አጥተን አይደለም የተቸገርነው። ያለንን አናውቀውም፤ ስለማናውቀው ስም አንሰጠውም፤ ስም ስለሌለው አንሞርደውም፤ የጎደለንንም ለይተን አንሞላም። ይህን ሳናስተካክል ከተመረቅን ዲግሪያችንን ይዘን ቤት ከተቀመጡት ታላላቆቻችን የምንለይበት ምክንያት አይታየንም።

ፈተናው የማይጠይቀን ጥያቄ

እዚህ የደረስንበት መንገድ ቀላል አልነበረም። ትምህርታችን መጀመሪያ በወረርሽኝ፣ ቀጥሎ በጦርነት ተቆራርጧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ወደ ሦስት ገደማ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከተፈተኑት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች ያለፉት ከአሥሩ አራቱ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ሙሉ ትኩረታችን ማለፍ ላይ መሆኑ አይገርምም። ነገር ግን ፈተና የሚለካው ያወቅነውን ነው። «ምን መሥራት ትችያለሽ? ምን መሥራት ትችላለህ?» ብሎ አይጠይቀንም። ይህን የሚጠይቀን ቀጣሪ ነው፤ ወይም የራሳችንን ሥራ ከጀመርን ገበያው ነው። በዚህ በኩል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የገቡ ጓደኞቻችን ይቀድሙናል። የእነሱ የብቃት ምዘና በተግባር ነው፤ መዛኙ ፊት ቆመው በእጃቸው ይሠራሉ። የሚመዘኑበት የሙያ ደረጃም ምን መሥራት እንዳለባቸው፣ በምን ልክ፣ በምን ማስረጃ እንደሚረጋገጥ ተዘርዝሮ የተጻፈ ነው። እኛ አምስት ዓመት ተምረን እንዲህ ያለ ዝርዝር ስለ ራሳችን የለንም። ማንም አይሰጠንም፤ ራሳችን ማዘጋጀት አለብን።

አያቶቻችን ሙያቸውን ያውቁ ነበር

የዚህ አገር ሙስሊም ታሪክ በአንድ በኩል የሙያ ታሪክ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከሌላው ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ እንደነበር በታሪክ ተምረናል። በደጋው አገር ለረጅም ዘመን ሙስሊም ርስት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው የሚበላው ከእጁ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ሸማኔ ሆኑ፤ ነጋዴ ሆኑ፤ በየገበያውና በየሲራራው መንገድ ተበተኑ። ይህ የተለወጠው ቅርብ ጊዜ ነው። ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ የወጡት ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው ደግሞ በ1967 ዓ.ም.።

በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ የሚከበርበት አልነበረም። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ያም ሆኖ ሸማኔው ሙያውን አላጣውም። ድሩን ሲያደራ ስንት ክንድ እንደሚወጣው፣ የትኛው ፈትል ለጥለት እንደሚሆን፣ የትኛው ለማግ እንደሚቀር ያውቃል። «ምን ትችላለህ?» ብትለው ጋቢውን ዘርግቶ ያሳይሃል።

እኛ የልጅ ልጆቹ ርስትም ትምህርትም አገኘን፤ አልሐምዱሊላህ። የጠፋብን ጋቢውን ዘርግቶ ማሳየት ነው። አያቶቻችን በሥራቸው ሲሰደቡ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። እኛን ማንም ሳይሰድበን፣ መድረሳ የተማርነውን «ይሄማ ሙያ አይደለም»፣ ሱቅ የሠራነውን «ይሄማ ሥራ አይደለም» ብለን ራሳችን እንንቀዋለን።

መድረሳው ምን ሰጠን?

ብዙዎቻችን ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስን ነው ያደግነው። ዩኒፎርሙን አውልቀን ኮፍያ አድርገን ወይም ሒጃባችንን አስተካክለን እንሮጥ ነበር። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች እንደ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች አድርገን አየናቸው። ከአንደኛው ሰርተፊኬት አገኘን፤ ከሌላው ያገኘነውን ለአኼራ ብቻ አስቀመጥነው። ለአኼራ መሆኑ እውነት ነው። ለዱንያ ሥራም የሚሆን ነገር እንዳስለመደን ግን አላስተዋልንም።

እስቲ አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ። ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብለን በቃላችን ስናሰማ፣ በተሳሳትን ቁጥር ያስቆሙን ነበር። ጓደኞቻችን እየሰሙ እንመለሳለን፤ እናስተካክላለን፤ እንቀጥላለን። አንኮርፍም። በሰው ፊት መታረምን በሰባትና በስምንት ዓመታችን ለመድነው። ኮንስትራክሽን ሳይት ወጥተን ስናይ ደግሞ ብዙ ባለሙያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አማካሪ መሐንዲሱ «ይህ ብረት ፈርሶ እንደገና ይታሰር» ሲል ፊቱ የማይጠቁር፣ ምክንያቱን ጠይቆ የሚያስተካክል ሰው በገንዘብ የማይገኝ ሠራተኛ ነው። ይህ ክህሎት ስም አለው፤ እርማት መቀበል ይባላል።

ሌላም አለ። በሐለቃ ውስጥ ቀድሞ ያለፈ የሚከተለውን ያስቀራል፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላን አስተማሪ ነበርን። የያዝነው እንዳይጠፋ በቀን በቀን ሙራጀዓ እናደርግ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ሥራ ራስን መምራት ማለት ይኸው ነው። በተጅዊድ አንዲት ሐረካ ከተሳሳተች ትርጉም እንደሚበላሽ ተምረናል፤ የነጥብን ቦታ መሳት ምን እንደሚያስከትል በስሌት የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ጥንቃቄ ይፈልገዋል።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያለንን ማወቅ ማለት የሌለንን መጨመር አይደለም። ቁርኣን በቃላችን ስለያዝን ዐረብኛ እንናገራለን ብለን ብንጽፍ ውሸት ነው፤ ብዙዎቻችን እናነባለን እንጂ አንናገርም። «እንግሊዝኛ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብለን ጽፈን አንድ የሥራ ደብዳቤ በጓደኛ የምናስጽፍም አለን። በእኛ ትምህርት ደግሞ ይህ ውሸት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የማያውቀውን ዐውቃለሁ ብሎ የፈረመ መሐንዲስ የሚጥለው ሰው የሚኖርበትን ጣሪያ ነው።

መናገርና መኩራራት ለየቅል ናቸው

«ሙያ በልብ ነው» ተብለን አድገናል። ጥሩ ተረት ነው፤ ሳይሠሩ ማውራትን ይገታል። ሪያን የሚፈራ ሙእሚን ደግሞ ስለ ራሱ ለመናገር እጥፍ ያፍራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ክህሎታችንን አለመናገራችንን ከተዋዱዕ እንቆጥረዋለን። ከምናውቃቸው ታሪኮች ሦስቱን አብረን እናስብና ትክክል መሆን አለመሆናችንን እንይ።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከእስር ወጥተው ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ የአገሪቱን ግምጃ ቤቶች እንዲሾማቸው ጠየቁት፤ ምክንያታቸውንም ተናገሩ። ሐፊዝና ዐሊም መሆናቸውን ነገሩት፦ የተሰጣቸውን ጠባቂ፣ ሥራውንም አዋቂ። ልብ በሉ፤ አንደኛው የግል ባሕርይ ነው፤ ሁለተኛው የሙያ ዕውቀት። ቅጹ ላይ እኛን ያቃተንን መስመር በሁለት ቃል ሞሉት። የተናገሩትም ሊመኩ አልነበረም፤ ድርቅ እየመጣ ነበርና ሥራው ሰው ይፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የአዛን ነው። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ የሰማው ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ የቢላል ድምፅ ይበልጥ ነበርና። ሕልሙ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው። የሰውን ክህሎት ለይቶ በቦታው ማስቀመጥ ማንንም አላሳነሰም። ድምፁ የተመረጠው ሰው ደግሞ ከሐበሻ ምድር የተገኘ ነበር።

ሦስተኛው ይከብዳል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚያ ሥራ ደካማ መሆናቸውን፣ ሹመቱም አማና መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። አቡ ዘር በእውነተኛነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው፤ ይህ ሥራ ግን የእሳቸው አልነበረም። ያለንን መናገር ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) መከተል ከሆነ፣ የሌለንን «አይሆንልኝም» ማለትም ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ሰው የሚፈልገውን ሥራ ለመሥራት፣ እውነቱን ብቻ፣ በልኩ መናገር ኩራት አይደለም። ተጠይቀን ዝም ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም፤ አንዳንዴ ስንፍና ነው።

መሠረት ከመጣል በፊት አፈሩ ይመረመራል

በእኛ ትምህርት ማንም ሰው ቦታውን ሳያስቆፍር መሠረት አይጥልም። አፈሩ ጠንካራ እንዲሆን ስለተመኘን አይጠነክርም፤ ጥቁር አፈር ከሆነ ጥቁር አፈር ነው፤ ዲዛይኑ በዚያው ልክ ይሠራል። ራሳችንንም እንዲሁ እንመርምር። የሚከተለውን በራሳችን ላይ ሞክረነዋል፤ አንድ ደብተርና ሁለት ከሰዓት ይበቃል።

አንደኛ፦ የሠራነውን እንጻፍ። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ሰርዘን ምን እንደሠራን እንጻፍ። «ወር ሙሉ የኮሚቴ ገንዘብ ያዝኩ፤ በመጨረሻ ሒሳብ አቀረብኩ።» «ለሁለት ክረምት ሕፃናት አስቀራሁ።» «የታላቅ እህቴን ሱቅ ዕቃ በኤክሴል መዘገብኩ።» ትንሽ ነው ብለን አንተው፤ መጀመሪያ ሁሉም ይጻፍ።

ሁለተኛ፦ ለሁለት እንክፈለው። የሙያ ክህሎት የምንለው ትምህርታችን የሚሰጠንና በመሣሪያ ወይም በውጤት የሚፈተን ነው፦ ሌቭሊንግ፣ በቶታል ስቴሽን መለካት፣ አውቶካድ፣ የሥራ መጠን ስሌት፣ የላብራቶሪ ሙከራ። የጤና ተማሪው፣ የግብርናዋ ተማሪ፣ የአካውንቲንጉ ሁሉም የየራሳቸው አላቸው። የግል ክህሎት የምንለው የትም ብንሄድ አብሮን የሚሄደው ነው፦ አማና መጠበቅ፣ ሰዓት ማክበር፣ ማስረዳት፣ ማስታረቅ፣ ቋንቋ።

የግሉን «ለስላሳ» ነው ብሎ የሚንቅ የምህንድስና ተማሪ ርብ ግድብን ያስብ። ከጉና ተራራ የሚነሣው ርብ ወደ ጣና ከመድረሱ በፊት የተሠራው የአፈር ግድብ ቁመቱ 73 ሜትር ያህል ነው። ግድብ ሲሠራ አፈር የሚጠቀጥቅ፣ ውኃ የሚለካ፣ ንድፍ የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ግን ከመሬቱ የሚነሣ ገበሬ ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ በሚገባው አማርኛ የሚያስረዳም ያስፈልጋል። ይህን የሚችል መሐንዲስ ሁለት ሰው ነው። ከገጠር የመጣን ልጆች ይህን እንችላለን፤ ግን ክህሎት ነው ብለን ጽፈነው አናውቅም። ከጅማ፣ ከስልጤ፣ ከሐረር መጥታችሁ ኦሮምኛ ወይም ስልጥኛ ከአማርኛ ጋር የምትናገሩ ወንድሞችና እህቶችም ቋንቋችሁን ጻፉት።

ሦስተኛ፦ በእያንዳንዱ ፊት ደረጃ እንስጥ። እኛ አራት ደረጃ ተጠቅመናል፦ አይቻለሁ፤ በእገዛ ሠርቻለሁ፤ ብቻዬን ሠርቻለሁ፤ ሌላ ሰው አስተምሬያለሁ። እዚህ ላይ ነው ያፈርነው። የኮንክሪት ስላምፕ ሙከራ ሁላችንም «እንችላለን» ብለን ነበር። ሾጣጣው ቅርጽ 30 ሴንቲ ሜትር መሆኑን፣ በሦስት ንብርብር እንደሚሞላ፣ እያንዳንዱ ንብርብር 25 ጊዜ በዘንግ እንደሚወጋ በቃላችን እናውቃለን፤ ለፈተና አጥንተነዋል። ዘንጉን በእጁ የያዘው ግን ከቡድናችን አንድ ሰው ነበር። ሌሎቻችን ቆመን አየን፤ ሪፖርቱ ላይ ስማችንን ጻፍን። ደረጃችን «አይቻለሁ» ነው። ይህን ማመን ደስ አይልም፤ ግን ካመንን በኋላ ላብራቶሪው ገብተን ዘንጉን መጠየቅ ቻልን።

አራተኛውን ደረጃ፣ ማስተማርን፣ በከንቱ አልጨመርነውም። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ በሚሲዮን የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ያሉት እዚያ ነው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ነበር፤ ሞከሩ፤ ከሸፈባቸው፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተሠራና እስከ መቅደላ ተጎተተ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ጋፋትም የመድፍ ማምረቻ ሆና አልቀጠለችም። ወደ ሌላ ሰው ያልተላለፈ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። የሴባስቶፖል ታሪክ ለኛ የሚነግረን አንድም ሳይችሉ ተነሥቶ መቻልን ነው፤ አንድም የቻሉትን ሳያስተላልፉ መቅረትን ነው።

አራተኛ፦ ምስክር እንጠይቅ። ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ሦስት ሰዎችን እንምረጥ፦ ያስተማረን አንድ፣ አብሮን የሠራ አንድ፣ ያገለገልነው አንድ። «በምን ትፈልገኛለህ? በምንስ ትሸሸኛለህ?» ብለን እንጠይቃቸው። ሁለተኛዋ ጥያቄ ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። ከመካከላችን ራሱን ጥሩ ተናጋሪ አድርጎ የሚቆጥር ወንድም ሦስቱም ሰዎች «ሰው ሲናገር ታቋርጣለህ» ብለውታል። ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፤ ከዚያ የኡስታዙን እርማት አስታወሰ።

አምስተኛ፦ ከጎደለው አንድ ብቻ እንምረጥ። የምንፈልገውን የሥራ ማስታወቂያ አውጥተን ከዝርዝራችን ጋር እናስተያይ። ክፍተቱ አሥር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሴሚስተር አንዱን እንያዝ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፤ «ደረጃ» የተባለው ድርጅትም ተመራቂዎችን ለሥራ ዓለም የሚያዘጋጅ ሥልጠና አለው። እነዚህን ሰርተፊኬት ለማብዛት ሳይሆን ከዝርዝራችን ላይ የጎደለውን ለመሙላት እንግባባቸው። ሰርተፊኬት የሚሰበስብና ክህሎት የሚሰበስብ ሰው ልዩነታቸው የመጀመሪያው የሥራ ቀን ላይ ይታወቃል።

«ግን እኮ...» ለምትሉን

«ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው» ትሉናላችሁ። ይህ የለም ብንል ማንም አያምነንም። ግን ዘመድ ያለውም የሌለውም እኩል ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ በሩ የተከፈተ ቀን ባዶ እጁን አለመገኘት። ዘመድ የሌለው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ይቸኩላል።

እህቶቻችን የሚያነሡትም አለ፤ «ሒጃባችንን አይተው ይተዉናል።» ስማችን ሲነበብ የምንሰጋም ወንድሞች አለን። ይህን ስጋት በምክር አናጠፋውም። ሕጉን ግን እንወቅ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ቀጣሪ በሃይማኖት ወይም በፆታ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። መብቱን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ምን እንደሚችል በማስረጃ ማሳየት ሲችል ክርክሩ ይጠነክራል። ለሥራው የሚያስፈልገው ይህ ነው፣ እኔ ያለኝ ይኸው ብላ የዘረዘረችን እህት «ብቃት ስለሌላት ነው» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

«ሪዝቅ ከአላህ ነው» የምትሉም አላችሁ፤ እውነት ነው። ለመርየም (ዐ.ሰ.) እንኳ፣ በዚያ በደከሙበት ሰዓት፣ ቴምሩ የወረደላቸው ግንዱን እንዲወዘውዙ ከታዘዙ በኋላ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው መወዝወዙ ነው፤ የሚወዘወዘውን ግንድ ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ እጃችን ያለበትን ማየት ይገባናል።

ለጀመዓችን ያለን ሐሳብ

ይህን ሥራ ለብቻችን ስንሠራው እንሰለቻለን፤ አብረን እንሥራው። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ኢንተርንሺፕ የሚወጡት ከመውጣታቸው በፊት፣ ሁለት ቅዳሜ ከዐስር በኋላ፣ ደብተር ይዘን እንገናኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እያንዳንዱ የራሱን ይጽፋል። በሁለተኛው ለሁለት ለሁለት ተቀምጠን «አሳየኝ» እንባባላለን፤ «ብቻዬን ሠርቻለሁ» ያለ የሠራውን ያሳያል።

ከዚያም ጀመዓው አንድ መዝገብ ይያዝ። አውቶካድ የሚያስተምር ማን ነው? ኤክሴል የምታሳይ ማን ናት? ዐረብኛ በእውነት የሚናገር ማን ነው? ሒሳብ የሚይዝ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ደብዳቤ የሚያርም? እስካሁን ኮሚቴ ስንመርጥ ድምፁ ከፍ ያለውንና የምናውቀውን ሰው ነበር የምንመርጠው። ዝም ብሎ የሚችለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ይቀራል። መዝገቡ ቢኖር እሱን ፈልገን እናገኘዋለን።

ስለ ስድስታችን ሳንነግራችሁ አንጨርስም። ቅጹ የሚዘጋበት ቀን አላለፈም ነበርና መልሰን ሞላነው። ገንዘብ ያዡ ወንድማችን «ታታሪነት» የሚለውን አጠፋና ወር ሙሉ ያዋጣነውን ገንዘብ እንደያዘ፣ በየሳምንቱ ሒሳብ እንዳሳየ፣ በመጨረሻም እንዳስመረመረ ጻፈ። የስላምፕ ሙከራ የሚለው ላይ «በላብራቶሪ አይቻለሁ፤ መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። እኛ «ይሄን አትጻፍ፤ ያሳንስሃል» ብለነው ነበር፤ አልሰማንም። ከተቀበሉት በኋላ የሳይቱ መሐንዲስ የመጀመሪያ ቀን ያዘዘው ኮንክሪት የሚሞከርበት ቦታ ነው። «መሥራት እፈልጋለሁ ብለሃል፤ ና ያዝ» አለና ዘንጉን ሰጠው።

እኛ አምስታችን ስላምፕ የሚለውን መስመር እንደነበረ «እንችላለን» ብለን ነው የተውነው። የትም ሳይት ላይ ዘንጉን የሰጠን የለም፤ እንደምንችል አስበዋላ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለንን የምናውቅ፣ የሌለንን የማንቀጥፍ፣ የያዝነውንም ለሌላው የምናስተላልፍ ያድርገን። ቅዳሜ ደብተር ይዛችሁ ኑ።